አራሷ ፕሮግራም

ባሂራ ከወለደች ወዲህ ከቤት አልወጣችም። አማቷ ሀሊሜ በቡላ ገንፎና በቅቤ ከብበው ይጠብቋታል። ላፕቶፑን ግን አልከለከሏትም፤ "እሱ እንኳ አያለቅስም" ብለው።

ውስጡ ያለው ግን የሚያስለቅስ ነበር። የመስቃን ገበሬ በጽሑፍ መልእክት የበርበሬ ዋጋ ሲጠይቅ የምትነቃ፣ መልሳ የምትተኛ ትንሽ ፕሮግራም ክላውድ በሚባለው የኪራይ የሩቅ ኮምፒውተር ላይ አላት። ዋጋዎቹ የሚቀመጡት ለውጭ በተዘጋ ኔትወርክ ውስጥ ስለሆነ ፕሮግራሟንም እዚያው አስገባቻት። መልሱን ወደ ውጭ ለመላክ ደግሞ ከክላውዱ የኔትወርክ መውጫ በር ተከራየች። ፕሮግራሟ የምታስከፍለው ስትነቃ ብቻ ነው፤ በሩ ግን አለፉበት አላለፉበት ሌት ተቀን ያስከፍላል። ከፋዩ የገበሬዎች ማኅበር "በዚህ ወር ካልቀነሰ አገልግሎቱ ይዘጋል" ብሏል። አዲሱ በርበሬ ደግሞ ሊደርስ ነው።

ጎረቤቷ ሰልሚያ ከደጅ ተጣራች። ጉንፋን ስለያዛት ሀሊሜ ከበር አላሳለፏትም።

"እማማ፣ ባሂራ ያዋስኳትን ወንፊት የት አደረገችው?"

ሀሊሜ ገብተው ጠየቁ። "ጓዳ፣ ከቡላው ዕቃ ጀርባ" አለች ባሂራ። ሀሊሜ ወጥተው ለሰልሚያ ነገሯት።

ባሂራ ፈገግ አለች። ከዚያ ሳቀች። እየሳቀች ወልቂጤ ላለው ወንድሟና የሥራ ባልደረባዋ ለራምዚ ደወለች።

"ራምዚ፣ አራስ ይወጣል እንዴ?"

"ወላሂ፣ እንቅልፍ አጥተሽ ዞሮብሻል።"

"ፕሮግራማችንን ለሁለት እንክፈላት! አንዷ አራስ ትሁን፤ ውስጥ ተቀምጣ ዋጋውን ታንብብ። ሌላዋ ደጅ ሆና ጥያቄውን ትቀበል፣ አራሷን ትጠይቅ፣ መልሱን ትላክ።"

"የደጇ በየት ትገባለች?"

"አትገባም! አማቴ የሰልሚያን ጥያቄ እንዳደረሱልኝ፣ ጥሪዋን ክላውዱ ራሱ ያደርስላታል። በር ምን ያደርጋል?"

ራምዚ ጭንቅላቱን ሲመታ በስልክ ተሰማ። "ቤተሰቡን በሙሉ አራስ አድርገን በር ስንከራይ!"

እሷ ሕፃኗን ዑመይርን እያጠባች በአንድ እጇ ጻፈች፤ ራምዚ የጻፈችውን ሞከረ። ከቀትር በኋላ ራምዚ በሩን አጠፋው። ባሂራ በሀሊሜ ስልክ "በርበሬ ቡታጅራ" ብላ ላከችና አፏን በእጇ ያዘች። ምንም የለም። ዑመይር እንኳ መጥባቱን አቆመ።

ስልኩ ጮኸ። ዋጋው!

"እልልልል!"

ሀሊሜ ምክንያቱን ሳይጠይቁ ተቀበሏት።

"እንዴ! መንታ ነበር?" ሰልሚያ ከአጥሩ ማዶ እያስነጠሰች ጮኸች። "ምን ተወለደ?"

ሀሊሜ ወደ ባሂራ ዞሩ። "ምን ልበላት?"

"በሩ ጠፋ በሏት" አለች ባሂራ፣ በሳቅ ሆዷን ይዛ።

ሀሊሜ ደጅ ወጥተው በኩራት፣ "በሩ ጠፋ!" አሉ።

"የእኔም ወንፊት ጠፍቶ ነበር" አለች ሰልሚያ። "ማን እልል አለልኝ?"