የማክሰኞው ሾርባ

በዚያ ቤት በተረፈ ምግብ ላይ ቀን የሚጽፍ ሰው አልነበረም፤ የአያትየዋ አፍንጫ ይበቃ ነበር። ምራታቸው ቤት ስትውል ዕቃውን ከፍሪጅ አውጥታ ክዳኑን ገለጥ ታደርግላቸዋለች። አንዴ አሽተው "ይሙቅ" ካሉ ይሞቃል፣ "ይደፋ" ካሉ ይደፋል።

ጉንፋን ከያዛቸው ወዲህ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ ምንም አይሸታቸውም። ሽንኩርት ሲልጡ ዓይናቸው ያነባል እንጂ አፍንጫቸው ዝም ነው። ለማንም አልተነፈሱም። ቢናገሩ "በቃ ይረፉ" ተብለው ከማዕድ ቤት ሊወጡ፣ የልጅ ልጃቸውንም ምሳ የምታበላ ሌላ ሰው ልትቀጠር ነው። ስለዚህ ምራታቸው ሥራ ስትሄድ ጠዋት ጠዋት ከየዕቃው ሁለት ሁለት ማንኪያ ራሳቸው ይቀምሱና ሆዳቸውን ሲያዳምጡ ያረፍዳሉ። እስከ ስድስት ሰዓት ካልጮኸ፣ ለልጅቱ አንተክትከው ያሞቁላታል።

አንድ ቅዳሜ ግን ምራትየዋ ሥራ ሳትሄድ ቤት ዋለች፤ ቀድመው ሳይቀምሱ ዘዴው ፈረሰ። ከፍሪጁ ጥግ የሾርባ ዕቃ አውጥታ አፍንጫቸው ሥር አስጠጋችላቸው። አሸተቱ፤ ባዶ። አፋቸው ለምዶበት "ይሙቅ" አለ። ሾርባው ድስት ውስጥ ተገለበጠ፣ ፈላ፣ ልጅቱ ፊት ቀረበ። ማክሰኞም ትናንትም ሾርባ ተሠርቶ ነበርና፣ ይኼ የማክሰኞው ይሁን የትናንቱ አያት አላወቁም። ልጅቱ ማንኪያዋን ስታነሣ ሳህኑን ላፍ አደረጉት።

"አትስጫት፣ ልጄ። ከታመምኩ ጀምሮ ምንም አይሸተኝም።"

ምራትየዋ ሳህኑን ተቀብላ አሸተተች፣ ቀመሰች። የትናንቱ ነው፣ የማክሰኞውንማ ረቡዕ ጨርሰነዋል አለች። አያት ወንበሩ ላይ ዘጭ አሉ። እንዴት እንደከረሙ ሲነግሯት፣ ልትስቅም ልትቆጣም ቃጣት።

"እማ፣ እርስዎ ቢመረዙስ? ለእኔ ያ ቀላል ነው?"

የምትሠራው ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ካርድ ላይ ቀን ስጽፍ እየዋልኩ ለልጄ ሾርባ አንድም ቀን አልጻፍኩም፣ ጥፋቱ የኔ ነው ብላ ከመሳቢያ ፕላስተርና እስክሪብቶ አመጣች። ከማዕድ ቤት ስለመውጣት አንድም ቃል አላነሣችም።

"አምጪው እኔ ልጻፍ" አሉ አያት። "ያንቺን ጽሕፈት ሐኪሞቹም አያነቡትም።"

ከዚያ በኋላ ድስቱ እንደገና ተጣደ። ሦስት ሳምንት ሲቀምሱ የከረሙት ሴትዮ ያን ቀን ቁጭ ብለው በሉ፤ ጨው አንሶታል ብለውም ሁለተኛ ሳህን ጠየቁ።