አንድ ወጣ፣ አንድ ገባ

ወይዘሮ ቨርና ኦብሬክት በቡናማ ወረቀት ጠቅልለው በሲባጎ ያሰሩትን ጡብ የፖስታ ቤቱ መስኮት ላይ ዘጭ ሲያደርጉት፣ ሎርና ኬስቲንግ ቀና ብላ እንኳ አላየችም። ድምፁን ለምዳዋለች።

«ለኤልደን ዱፌክ ነው» አሉ።

«ባለፈው ሳምንት እሳቸው ለእርስዎ ልከውት አልነበር?»

«ታዲያስ! አሁን ተራው የኔ ነዋ። ቀስ ብለሽ ያዢው፣ እንዳይሰበር።»

«ጡብ ነው'ኮ ወይዘሮ ኦብሬክት።»

«ምን አገባሽ አንቺ? ጥቅል ጥቅል ነው። መዝኚና ቴምብሩን ለጥፊበት።»

ሎርና መዘነችው። የኤልደን ቤት ከመስኮቱ ማዶ፣ መንገዱን ተሻግሮ ይታያል። ጡቡ ግን መንገዱን አይሻገርም። የፖስታው መኪና ይመጣና ኦማሃ ከተማ ድረስ ይወስደዋል፤ እዚያ ከአገር ምድሩ ጥቅል ጋር ይደባለቃል፣ ይለያል፣ ከዚያ ዞሮ ዞሮ እዚሁ መስኮት ይመለሳል። ሎርና ራሷ ትቀበለውና ለኤልደን ታስረክባቸዋለች። እሳቸው ደግሞ ወረቀቱን ቀይረው ለወይዘሮ ኦብሬክት ይልኩታል።

ዴልማ መንደር ውስጥ ደብዳቤ በየቤቱ የሚያድል ሰው ኖሮ አያውቅም። መስኮቱ ያለው በሎርና እናት በቫዮላ ቤት የፊት ክፍል ነው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ጧት ጧት ይከፈታል፤ ሰዉ ይመጣል፣ ግድግዳው ላይ ከተደረደሩት ትንንሽ የብረት በሮች የራሱን በቁልፍ ይከፍታል፣ ደብዳቤ ኖረም አልኖረም ቆሞ ያወራል። ስለ ንፋሱ፣ ስለ በቆሎው ዋጋ፣ ማን ምን እንዳለው። አንድ ሰው ሁለት ቀን ከቀረ ሦስተኛው ቀን ላይ ሄደው በሩን ያንኳኩበታል።

ባለፈው መኸር ግን ደብዳቤው ስላነሰ መስኮቱ ሊዘጋ ይችላል የሚል ማስታወቂያ በሩ ላይ ተለጠፈ። ከተዘጋ ዴልማ የሚለው ስም ከነመለያ ቁጥሩ ከፖስታ ላይ ይጠፋል፤ ሰዉም ደብዳቤውን ሊወስድ ሠላሳ ማይል ይነዳል። ያን ጊዜ ነው ዴልማ እርስ በርሷ መላላክ የጀመረችው። ክላይድ ሃድሊ ለገዛ ወንድሙ፣ አብሮት አንድ ቤት ለሚያድረው፣ በመጋቢት ወር የገና ካርድ ላከ። ድንች የላከ አለ፣ አሮጌ ጫማ የላከ አለ። ሁሉም መስኮቱ ጋ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ «ላንቺ ብለን ነው ሎርና፣ አይዞሽ» ይላታል። እውነታቸውን ነው። መሸከም ያቃታትም ይኸው እውነታቸው ነበር። ያ ማስታወቂያ በተለጠፈ ቀን በዴልማ ምድር አንድ ደስ ያለው ሰው ቢኖር እሷ ነበረች።

የመጣችው እናቷን ልትቀብር ነው። ሩቅ ምዕራብ፣ ኦሪጎን ላለው አሠሪዋ «ሁለት ሳምንት» ብላ ነው የመጣችው፤ የችግኝ ማፍያ ውስጥ ትሠራ ነበር። ከቀብሩ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት፣ ሰው ሁሉ ሳህኑን ይዞ እንደተቀመጠ፣ «ሌላ ሰው እስኪገኝ ብቻ» አሏት። ይኸው ሦስተኛው ክረምት አለፈ። ሌላ ሰው ከየት ይምጣ? ከሃድሊ ወንድማማቾች በቀር በዴልማ ስልሳ ያልሞላው እሷ ብቻ ናት፤ እነሱ ደግሞ ጎህ ሲቀድ ከብቶቻቸው ጋ ወጥተው ሲመሽ ነው የሚገቡት።

የእናቷ ሹራብ እስካሁን ወንበሩ መደገፊያ ላይ ተሰቅሏል። ደብዳቤ ስትለይ አውራ ጣቷ ላይ ታጠልቀው የነበረው የጎማ ቆብ መሳቢያው ውስጥ አለ፤ ሎርና አንድ ቀን አጥልቃው ልክክ ሲልባት ቶሎ አውልቃ መለሰችው። ወንበሩ ላይ ያለው አረንጓዴ ትራስ መሐሉ ጎድጉዷል። የጎደጎደው በእናቷ ልክ ነው። ሎርና በየጧቱ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ትቀመጣለች።

በዚያው ቀን ማታ ልጇ ቴስ ከኦሪጎን ደወለች። የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ወሯ ገብቷል።

«እማ፣ ሐኪሟ ልጁ ቀደም ብሎ ሊመጣ ይችላል አለችኝ።»

«እመጣለሁ አልኩሽ'ኮ የኔ ቆንጆ።»

«መቼ?»

«መስኮቱን የሚይዝልኝ ሰው እንዳገኘሁ።»

«አያቴም እንደዚሁ ነበር አይደል ያለችሽ?»

ሎርና ቴስን የወለደች ጊዜ ሆስፒታል ተኝታ፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር እናቴ ናት እያለች ቀና ትል ነበር። እናቷ አልመጣችም። የመጣው ጥቅል ነው፤ ውስጡ በእጅ የተሠራ የሕፃን ብርድ ልብስ፣ ላዩ ላይ የዴልማ ማኅተም ቀጥ ብሎ፣ ሳይንጋደድ የተመታበት። ለማኅተሙ የተጠነቀቀችውን ያህል ለኔ ብትጠነቀቅ ምን ነበረበት ብላ ብርድ ልብሱን ሳታለብሳት ቀረች። እናቷ እስክትሞት ድረስም ስለዚያ አንስተው አላወሩም።

ኤልደን ዱፌክ ጡባቸውን ሊወስዱ የመጡት ሐሙስ ዕለት ነው። ረጅም፣ ጎበጥ ያሉ፣ ባርኔጣቸውን ለቤተ ክርስቲያንና ለቀብር ካልሆነ የማያወልቁ ሰው ናቸው። የመንደሩ መግቢያ ላይ ያለውን ሰሌዳ የሚጠብቁትም እሳቸው ናቸው። መንግሥት የተከለውን ሰሌዳ በረዶ ጠራጊው መኪና ገጭቶ ከጣለው ወዲህ፣ በገዛ እጃቸው ሌላ ሠርተው የነዋሪውን ቁጥር በቆርቆሮ ቆርጠው ምስማር ላይ ሰቅለዋል። ሰው ሲሞት መሰላላቸውን ተሸክመው ሄደው ቁጥሩን ይለውጣሉ። አሁን አርባ ሰባት ይላል። ቫዮላ ስትሞትም አርባ ሰባት ነበር። የቀብሩ ዕለት ኤልደን ሎርናን በእጃቸው ትከሻዋን ቸብ አድርገው፣ «አንድ ወጣ፣ አንድ ገባ። መሰላሉን ማን ያወጣዋል?» ብለዋት ነበር። ሊያጽናኗት ነው። እሷም ፈገግ ብላለች።

«መጣልኝ?» አሉ ኤልደን። «መንገዱ እንዴት ነበር አለ?»

«ኦማሃ ዝናብ ነው አለ።»

«አይ መታደል!»

«እውነትም መታደል» አለች ሎርና። «እኔ ከዚች ወንበር ሳልነሳ ጡብ አገር ዞሮ ይመለሳል።»

ኤልደን ከት ብለው ሳቁ። ከዚያ አዩዋትና ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉ። ጡቡን መልሰው አስቀመጡት።

«እናትሽን ቁርጥ» አሉ። «እሷም አንድ ጊዜ እንደዚህ አድርጓት ነበር። እዚሁ ቁጭ ብላ፣ አንድ ወር የሚይዝልኝ ሰው ፈልጉልኝ፣ ልጄ ጋ ልሂድ አለችን።»

«መቼ?»

«ያው ያቺን ልጅሽን የወለድሽ ጊዜ ነዋ። እኛ ደግሞ ደክሟት ነው፣ ያላመሰገናት ሰው ስለሌለ ከፍቷት ነው አልን። እራት አዘጋጀንላት። ምን የመሰለ እራት! ቨርና በገዛ እጇ ትራስ ሰፍታ ሰጠቻት። ያን የተቀመጥሽበትን።»

ሎርና ብድግ አለች።

«እሷስ ምን አለች?»

«ምን ትላለች? ሳቀች፣ አመሰገነች፣ ተቀመጠችበት። ከዚያ ወዲያ አንስታውም አታውቅ።» ኤልደን የባርኔጣቸውን ጠርዝ በጣታቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉ። «ምነው፣ ነግራሽ አታውቅም እንዴ?»

«አልነገረችኝም» አለች ሎርና። የቀረውን ጧት ቆማ ሠራች።

ስለ መስኮቱ መዘጋት የተጠራው ስብሰባ ዓርብ ከሰዓት በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ተደረገ። ከፖስታ መሥሪያ ቤቱ የተላከው ወጣት ከረባት አስሯል፤ ሴቶቹ በፕሪም ማርማላታ የተሞላ ኮላች የሚሉትን ጣፋጭ ዳቦ ሳህኑ ላይ እየቆለሉበት መናገሪያ አሳጡት። ዴልማ በሙሉ መጥታለች። ክላይድ ሃድሊ ተነስቶ የልቡ መድኃኒት በፖስታ እንደሚመጣለት፣ በክረምት መንገዱ ሲዘጋ ሠላሳ ማይል መንዳት ማለት ምን እንደሆነ ተናገረ። ሌላዋ ሴትዮ አለቀሰች። ኤልደን፣ «ስማችንን ከወሰዳችሁብን ሰሌዳዬ ላይ ምን ልጻፍ?» አሉና ሰዉን አሳቁት።

በመጨረሻ ወይዘሮ ኦብሬክት ተነሱ። «መስኮቱ ማለት ሎርና ናት» አሉ። «እናቷ ስትሞትብን ያላንዳች ማንገራገር ገብታ የተቀመጠች ልጅ ናት። እኛም እንዲሁ አናያትም ብለን ትንሽ ነገር አዘጋጅተናል። በል አምጣው ክላይድ።»

ክላይድ ከጓዳው አዲስ ወንበር እየገፋ መጣ። ከሥሩ ትንንሽ ጎማዎች አሉት፣ ከላይ ጥቁር ቆዳ፣ መደገፊያው ላይ ቀይ ሪባን ታስሮበታል። ሰው ሁሉ አጨበጨበ።

«ተቀመጪበታ!» አለ አንዱ።

«ዞር ዞር በይበት፣ ይዞራል!» አለ ክላይድ።

ሎርና ወደ ወንበሩ ሄደች። እጇን መደገፊያው ላይ አሳረፈች። ጭብጨባው አላቆመም፤ ሁሉም ፊት በርቷል፤ እናቷ በዚህ ክፍል፣ በእነዚሁ ፊቶች መሐል እንደቆመች ታያት። ከዚህ ሁሉ ደግ ፊት ፊት ለፊት ቆሞ እንቢ ማለትን ማን ይችለዋል? ልትቀመጥ ትንሽ ነው የቀራት።

«አልቀመጥም» አለች።

«አትፈሪ፣ ፍሬን አለው» አለ ክላይድ። ሳቁ።

«ክላይድ፣ አልቀመጥም። ልጄ ልትወልድ ነው። ነገ መስኮቱን ዘግቼ እሄዳለሁ።»

ሳቁ ከዳር ወደ መሐል እየሞተ መጣ።

«እናቴም እኔ ስወልድ ልትመጣ ፈልጋ ነበር» አለች። «ለመነቻችሁ። ትራስ ሰጣችኋት። እኔ ደግሞ ዕድሜ ልኬን ጠላችኝ ብዬ ተቀየምኳት። እንደተቀየምኳት ሞተች።»

ወጣቱ ሠራተኛ ጉሮሮውን ጠረገ። የሚይዘው ሰው ከሌለ፣ ውሳኔው እስኪሰጥ ድረስ መስኮቱ ተዘግቶ እንደሚቆይና ደብዳቤው ሁሉ ሠላሳ ማይል ርቆ እንደሚቀመጥ ነገራቸው።

«የኔስ መድኃኒት?» አለ ክላይድ። ሊወቅሳት አልነበረም፤ ጠየቃት እንጂ።

«አላውቅም ክላይድ» አለች ሎርና። «እውነቴን ነው፣ አላውቅም።»

«እስከ በጋው ብትታገሺን ምን ነበረበት?» አሉ ወይዘሮ ኦብሬክት። ሴቶቹ ሳህኖቻቸውን ሰበሰቡ። ወንበሩ ከነሪባኑ መሐል ላይ ቀረ።

ቅዳሜ ጧት ሰዉ እንደወትሮው መጣ፤ ግን አላወራም። ቁልፍ ይገባል፣ ትንሹ በር ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ይኸው ነው። የአንዳንዱ ዝምታ ቂም ነበረበት፤ ሎርናም አልፈረደችባቸውም። ክላይድ ሲወጣ ብቻ፣ «ወንድ ከሆነ ክላይድ በሉት» አላት።

ወይዘሮ ኦብሬክት መጨረሻ መጡ። ጡቡን ይዘዋል፤ ኤልደን በእጃቸው መልሰውላቸው ኖሯል። ሎርና ሚዛኑን ልትስብ ስትል እጃቸውን አነሱ።

«ተዪው። አልልከውም።»

ቆሙ። ዓይናቸው አረንጓዴው ትራስ ላይ ነበር።

«ጥጡ ደረቀብኝ ብላኝ ነበር'ኮ» አሉ። «ቫዮላ። የሰጠኋት ሰሞን። ቨርና፣ ይኼ ትራስሽ አያስቀምጥም አለችኝ። ስትቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ።»

ሎርናም ዞር ብላ ትራሱን አየችው።

«የክላይድን መድኃኒት እኔ አመጣለታለሁ» አሉ አሮጊቷ ፊታቸውን አዙረው። «አንድ የሚያይ ዓይን አለኝ። መንገዱም እንደሆነ ቀጥ ያለ ነው።» ጡቡን አቅፈው ወጡ።

ሎርና መስኮቱን ዘጋች። ሹራቡን ከወንበሩ ላይ አንስታ ለበሰችው፤ ቀኑ ነፋሻ ነበር። ትራሱን እዚያው ተወችው።

በመኪናዋ ከመንደሩ ስትወጣ ኤልደን ሰሌዳው ሥር መሰላላቸውን ሊያቆሙ ከንፋሱ ጋር ይታገሉ ነበር። አቆመች፤ ወርዳ መሰላሉን ያዘችላቸው።

«አየሽው ሥራ ስታስፈቺኝ?» አሉ እየወጡ። ሰባቷን ከምስማሩ ላይ ነቅለው በብብታቸው ያዙ፣ ከኪሳቸው ስድስቷን አወጡ። «ይኸው፣ አንቺን ቀነስኩሽ። ደስ አለሽ?»

«እኔን አይደለም ኤልደን።»

«ታዲያ ማንን ነው?»

«እኔ ልቀብራት ነው የመጣሁት። ቁጥሩ የሷ ነው። እሷን ነው የቀነሱት።»

ኤልደን ስድስቷን እንደያዙ ቆሙ። ንፋሱ ቆርቆሮዋን ያርገበግባታል። ወደ መንደሩ፣ ወደ ተዘጋው መስኮት አዩ፤ ከዚያ ቁልቁል የሎርናን ሹራብ አዩ። ቁጥሯን ሰቀሉ፣ ደህና መያዟን በመዳፋቸው ፈተሹ፣ አንድ አንድ እግር እያሉ ወረዱ።

መሬት ሲደርሱ ባርኔጣቸውን አወለቁ።