የመስቱራ ቫዮሌት

መተማ ዮሐንስ ላይ፣ በዚያ ሐሩር፣ ቫዮሌት ይበቅላል ቢባል የሚያምን አልነበረም። መስቱራ ግን ስድስት ዓመት አበቀለችው። እህቷ ከጎንደር በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ያመጣችላትን ችግኝ ጓሮዋ ካለው ኒም ዛፍ ሥር፣ ዚር ከሚባለው ትልቅ የሸክላ ውኃ ማቀዝቀዣ አጠገብ ተከለችው። ከሸክላው የሚንጠባጠበው ውኃ አፈሩን ያረጥበዋል፤ ቅጠሉን ግን ይበሰብሳል ብላ ውኃ አታስነካውም። እህቷ ከሞተች ወዲህማ ጠዋት ጠዋት እሱን ሳታይ ሱቋን አትከፍትም።

ሚያዝያ ላይ ለዓይን ሕክምና ጎንደር ሰንብታ ስትመለስ ጓሮው ወለል ብሎ ጠበቃት። ጎረቤቷ ባየልኝ፣ ቅጠሉ ሰሊጥ የማበጥርበት ሸራ ላይ ይረግፋል ብሎ ኒሙን አስቆርጦታል። ቫዮሌቶቹ እንደ ትንባሆ ደርቀዋል። የተረፉት ሦስት ብቻ ናቸው።

"ምነው ባየልኝ? እስክመጣ እንኳ ብትጠብቀኝ?"

"እትዬ መስቱራ፣ ለአበባ ነው እንዲህ የሚሆኑት? ሌላ ይተክላሉ" ብሎ ሳቀ። ሠራተኞቹም አብረውት ሳቁ።

ከዛፉ ይልቅ ሳቁ አንገበገባት። ሦስቱን ነቅላ ከጓሮው ማዶ ካለው ማንጎዋ ሥር ተከለቻቸው። የማንጎው ግማሽ ቅርንጫፍ አጥሩን ተሻግሮ ባየልኝ ግቢ ገብቷል፤ እሱም የጠፍር አልጋ ዘርግቶ እንግዳ የሚቀበለው እዚያ ጥላ ሥር ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የባየልኝን ሴት ልጅ ለጋብቻ ለመጠየቅ ከአብርሃ ጅራ ሽማግሌዎች እንደሚመጡ ሰማች። እሑድ ረፋዱ ላይ፣ እንግዶቹ ገና ከመቀመጣቸው፣ ዘሩ የሚባል የጎጃም ሠራተኛ መጋዝና ገመድ አስይዛ አመጣች።

"እትዬ፣ ይኼ ከወረደ አበቦቹንም ፀሐይ ያገኛቸዋል" አላት ዘሩ።

"አውቃለሁ። ውጣ።"

ቅርንጫፎቹ በገመድ እየታሰሩ ወደ እሷ ግቢ ወረዱ። ፀሐይዋ ሽማግሌዎቹ አናት ላይ አረፈች። ጋቢያቸውን ተከናነቡ፤ ላባቸው ግን አላስቀምጥ አላቸው። ባየልኝ ወደ አጥሩ ሮጠ።

"ስለ አላህ ብለው እትዬ! ዛሬን ብቻ ይተዉልኝ!"

"ሌላ ትተክላለህ" አለችው።

አንደኛው ሽማግሌ ይህን ሰምተው ወደ ባየልኝ ዞሩ። "ምን ብትበድላት ነው?" አሉት። ሽማግሌዎቹ ነገሩን ሳይጨርሱ፣ "እስቲ እናስብበት" ብለው ተነሡ።

መስቱራ የዚያን ዕለት ምሳዋን ጥርግ አድርጋ በላች። በአራተኛው ቀን ሁለቱ ቫዮሌቶች ሞቱ፤ አላለቀሰችም። ሦስተኛዋን በጣሳ አድርጋ ሱቋ ውስጥ፣ ከባንኮኒው ሥር አስገባቻት።

ሽማግሌዎቹ ዳግመኛ አልመጡም። ከባየልኝ ጋር ሰላምታ ቀረ፤ ለዚያም ግድ አልነበራትም። የባየልኝ ልጅ ግን ገበያ መሀል አግኝታት ዐይኗ እንባ ሞልቶ ፊቷን ስታዞርባት፣ መስቱራ ልትጠራት አፏን ከፈተች፤ የምትላት ግን ጠፋት።