ማዶ የሌለው ውኃ

ዳርጌ ባሕር አይቶ አያውቅም። በጂንካ ይህ ነውር አይደለም፤ ባሕር ያየ ሰው ቢገኝ ነው ወሬ የሚሆነው። ሠላሳ አንድ ዓመት በቀያሽነት ሠርቶ ጡረታ ወጥቷል። የዲመካን መንገድ በእግሩ ለክቷል፤ በአርቦሬ ሜዳ ላይ ባለ ሦስት እግሩን መሣሪያ ተክሎ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ የዋለበት ቀን ስፍር ቁጥር የለውም። ጡረታ ከወጣ በኋላም ልማዱ አልለቀቀውም። ከሰው ጋር ቆሞ ሲያወራ፣ ዓይኑ ከሰውየው ትከሻ በላይ አልፎ የኮረብታውን ተዳፋት ይገምታል። ሰዎች የማያዳምጣቸው ይመስላቸዋል። ያዳምጣል፤ ግን ኮረብታው ይቀድማል።

ሚስቱ እልፍነሽ አዋላጅ ነርስ ነበረች። ከተማው ዛሬም “ሲስተር” ይላታል። ከጂንካ እስከ ወይጦ ባለው አገር፣ ዕድሜው ከአርባ በታች የሆነ ሰው ሰላምታ ሲሰጣት መጀመሪያ ፊቱን አይታ “አንተ በእግርህ ነው የተወለድከው” ወይም “አንተ እንኳ አላስቸገርክም” ትለዋለች። ሰውየው ምን ይመልሳል? አመስግኖ ያልፋል።

አንዲት ልጅ አለቻቸው፣ ናርዶስ። በአንድ ትልቅ የመዝናኛ መርከብ ላይ ልብስ ታጥባለች። በ2010 ዓ.ም. ጥር ወር ላይ ደወለችና በሥራው ላይ አምስት ዓመት ስለሞላት ድርጅቱ ወላጆቿን አንድ ጊዜ በነፃ በመርከብ እንደሚወስድላት ነገረቻቸው።

“ሦስት ጉዞ አለ፤ አንዱን ምረጡ” አለች። “ወረቀቱን እልክላችኋለሁ። እስከ ወሩ መጨረሻ አሳውቁኝ።”

ወረቀቱ በስልክ መጣ። ዳርጌ ፎቶ ኮፒ ቤት ወስዶ በቀለም አሳተመውና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። የመጀመሪያው ጉዞ ውቅያኖስ አቋርጦ ከአንድ አህጉር ወደ ሌላው የሚሄድ ነው፣ ዘጠኝ ቀን። ሥዕሉ ላይ ያለው ውኃ ብቻ ነው። ዳርጌ የቀረው ሥዕል ከጀርባ ይሆናል ብሎ ወረቀቱን ገለበጠው። ጀርባው ባዶ ነው። ሁለተኛው ሞቃት ደሴቶችን የሚዞር ነው፤ ሥዕሉ ላይ ያሉት ሰዎች ልብሳቸውን የረሱ ይመስላሉ። ዳርጌ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ስለሆነ ያንን ወረቀት አጥፎ ከመጽሐፍ ቅዱሱ ራቅ አድርጎ አስቀመጠው። ሦስተኛው ግን ኖርዌይ በሚባል አገር ዳርቻ ሽቅብ ወደ ሰሜን የሚሄድ ነው፣ ሰባት ቀን። ገደል፣ በረዶ የለበሰ ተራራ፣ ከገደሉ ሥር ቀይ ቤት። ከሥሩ “መሬት ከዓይንዎ አይርቅም” የሚል ተጽፏል፤ ናርዶስ ናት በአማርኛ የጻፈችው።

“ይኸኛው ነው” አለ ዳርጌ።

እልፍነሽ መነጽሯን አድርጋ ሦስቱንም አየች። “እኔ የመጀመሪያውን ነው የምፈልገው።”

“የመጀመሪያው ላይ እኮ ምንም የለም።”

“እሱን ነው የምፈልገው።”

“እልፌ፣ ዘጠኝ ቀን ሙሉ መሬት አይታይም። መሬት በማይታይበት ቦታ የት እንዳለሽ በምን ታውቂያለሽ?”

“እኔ የት እንዳለሁ ማወቅ አልፈለግሁም። ስልሳ ዓመት ተራራ ሳይ ኖሬ፣ ባሕር ድረስ ሄጄ ተራራ ልይ?”

ዳርጌ ወረቀቶቹን ሰበሰበ። በማግስቱ ምክር ፍለጋ ወንደሰን ቤት ሄደ። ወንደሰን የድሮ የሥራ ባልደረባው ነው፤ በወታደርነቱ ዘመን ምጽዋ ስለነበር ባሕርን በተመለከተ የሰፈሩ ሊቅ እሱ ነው።

“ባሕር እንዴት ነው?” አለው ዳርጌ።

ወንደሰን አሰበ። “ይሞቃል።”

“ሌላስ?”

“ጨው አለው።”

“መሬት እስከማይታይበት ድረስ ገብተህ ታውቃለህ?”

“ምን ልሠራ?”

ዳርጌ ይኸን ለራሱ እንደ ምስክር ያዘና ወደ ቤቱ ተመለሰ። እልፍነሽ ግን ምስክር አልጠየቀችም። “አንተ ምረጥ” አለችና ጎመን መቀንጠስ ጀመረች። አርባ ዓመት አብሮ ለኖረ ሰው “አንተ ምረጥ” የተባለው ቃል ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ መምረጥ እንደማይችል ነው።

ስለዚህ ላሳምናት ብሎ ተነሣ። ውኃ ደስ የሚለው መሬት አብሮት ሲታይ እንደሆነ በዓይኗ እንድታየው ኮልቾ ሊወስዳት አሰበ። ኮልቾ ከኦሞ ወንዝ በላይ፣ ገደል አፋፍ ላይ ያለች መንደር ናት። ፈረንጅ ከዓለም ዳር እየመጣ ቆሞ የሚያያትን ቦታ የጂንካ ሰው በስም ብቻ ነው የሚያውቃት። ወደ ቱርሚ ዕቃ የሚያደርስ መኪና ለምኖ ተሳፈሩ፣ አዳራቸውን ቱርሚ አደረጉ፣ በማግስቱ ረፋድ ላይ ገደሉ አፋፍ ደረሱ።

ከታች ኦሞ እንደ እባብ ተጠምዝዞ ይሄዳል። በወዲህ ማሽላ፣ በወዲያ ጫካ። ዳርጌ እጁን ዘርግቶ፣ “ተመልከቺ” አለ። “ውኃው ምን ያህል እንደሚያምር አየሽ? ዳርቻ ስላለው ነው።”

እልፍነሽ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ለረዥም ጊዜ አየች። አንድ ዛፍ ከወንዙ ማዶ ነበር፤ ዓይኗ እሱ ላይ ቀረ።

“እኔ ውኃ ሳይ የማየው ማዶውን ነው” አለች። “ያ ዛፍ ሥር ሰው ይኖር ይሆን እያልኩ ነው አሁን።”

“ማንም የለም።”

“አውቃለሁ።”

ከዚያ ድምጿን ከፍም ዝቅም ሳታደርግ ነገረችው። ሰማንያ ስምንት ዓ.ም. ነው። ወይጦ አካባቢ ጤና ኬላ ላይ ብቻዋን ተመድባ ሳለች፣ ደጋ ላይ ዘንቦ ወንዙ በአንድ ጊዜ ሞላ። ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ከማዶ አንድ ሰው ጮኸ። ሚስቱ ከዛፍ ጥላ ሥር ተኝታ ታምጣለች፤ ሁለት ቀን ሆኗታል። የሚሻገር የለም፣ ዋና የሚችሉት እንኳ ውኃውን አይተው ተመለሱ። እልፍነሽ እጇን በአፏ ዙሪያ አድርጋ ማዶ ለማዶ ማዋለድ ጀመረች። በጎን አስተኛት! ውኃ ስጣት! የልጁ ራስ ታየ ወይ? ሰውየው እየሮጠ ሄዶ ያያል፣ እየሮጠ ተመልሶ ይጮኻል። የውኃው ድምፅ ግማሹን ይበላዋል። እንዲህ ሲሉ አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ።

“ከዚያ ሰውየው ቁጭ አለ” አለች። “ሲጮኽ ነበር፣ ሲሮጥ ነበር፣ ቁጭ አለ። ቁጭ ሲል ገባኝ።”

ዳርጌ ባርኔጣውን አወለቀ። “ለምን አልነገርሽኝም?”

“ነግሬሃለሁ። ወንዙ ሞልቶ አላሻግር ብሎኝ አንዲት እናት ሞተችብኝ ብዬሃለሁ። አንተ ወንዙ ስንት ሜትር ይሰፋል አልከኝ።”

ዳርጌ አስታወሰ። ብሏል። ስልሳ ሜትር ብላው ነበር፤ እሱም ስልሳ አይሞላም ብሎ ተከራክሯታል።

“ከዚያ ወዲህ ነው” አለች እልፍነሽ። “ነሪ ወንዝን ስሻገር፣ ወይጦን ስሻገር፣ የመንገድ ኩሬ እንኳ ሳይ ማዶው ላይ ማን አለ እላለሁ። አንድ ጊዜ ማዶ የሌለው ውኃ ባይ፣ ማንም የማይጠራኝ ውኃ፣ ብዬ ነው እንጂ ተራራህን ጠልቼ አይደለም።”

ወደ ጂንካ ሲመለሱ ዳርጌ ኮረብታዎቹን አላያቸውም። ሹፌሩ ምን ሆኑ ብሎ ጠየቀው፤ ራሱን አሞት እንደሆነ ነገረው።

ቤት ገብቶ የመጀመሪያውን ጉዞ ወረቀት ከፊቱ አስቀመጠና ዘጠኙን ቀን በሐሳቡ ለመጓዝ ሞከረ። ሰው ለሚስቱ ሲል ብዙ ነገር ይችላል። አንደኛውን ቀን ቻለ። ሁለተኛውንም እያላበው ቻለ። በሦስተኛው ቀን፣ በአራቱም ማዕዘን አንድም ምልክት በሌለበት ውኃ መካከል፣ ከወንበሩ ተነሥቶ በር ላይ ወጣና ከጂንካ በላይ ያለውን ተራራ አየ። ተራራው እቦታው ነበር። ተመልሶ ገባ፣ ወረቀቱን አጠፈው፣ የኖርዌዩን አነሣ።

ናርዶስ የላከችው ቅጽ አንድ ጥያቄ አለው፤ ክፍላችሁ በመርከቡ በየት በኩል ይሁን፣ በቀኝ ወይስ በግራ? ዳርጌ የልጅቱን የድሮ አትላስ አውጥቶ ገለጠ። መርከቡ ከደቡብ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ይወጣል። መሬቱ በምሥራቅ ነው፤ ስለዚህ በቀኝ። በግራ በኩል ያለው ውኃ ነው፤ ዳርጌ ጣቱን በውኃው ላይ ወደ ምዕራብ ቢያስኬደው ከገጹ ጠርዝ ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ደረሰ። “ግራ” ብሎ ጻፈ።

ናርዶስ ወዲያው ደወለች። “አባዬ፣ ሰው ሁሉ የሚጣላው በቀኝ በኩል ክፍል ለማግኘት ነው። መሬቱ በቀኝ ነው የሚታየው። ተሳስተህ ነው?”

“ግራ ብያለሁ።”

“እንዴ፣ አንተ እኮ መሬት ማየት ነው የምትፈልገው።”

“ውጭ የሚቆምበት ቦታ የለውም መርከቡ?”

“ሰገነት አለው፣ ግን ይበርዳል።”

“ካፖርት እገዛለሁ። ለእናትሽ ምንም እንዳትነግሪ።”

ጂንካ ላይ ካፖርት የሚገዛ ሰው ያልተለመደ ነው። ዙህራ፣ ሱቋ ገበያው ዳር ያለው፣ ከሰልባጅ ክምር ሥር እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ጥቁር ካፖርት አወጣችለት። “ጋሽ ዳርጌ፣ ይኼ ሦስት ዓመት ሰው አልነካውም” አለች። “ማን ሞቶ ነው?” ዳርጌ ሰውነቱ እንዲለምደው ብሎ በመጋቢት ፀሐይ ለብሶት ወደ ቤቱ ሄደ። በመንገድ ላይ ሁለት ሰዎች እግዜር ያጥናህ አሉት።

ቪዛውን ለማውጣት አዲስ አበባ ሁለት ጊዜ ተመላለሱ። ጥያቄ የምትጠይቀው ሴት የጉዞውን ምክንያት ስትጠይቀው፣ ዳርጌ “መሬት ለማየት” አላት። እልፍነሽን ስትጠይቃት “መሬት ላለማየት” አለች። ሴትየዋ ሁለቱንም ጻፈች።

ሰኔ ላይ ተሳፈሩ። እልፍነሽ የክፍሉን መጋረጃ ስትስበው መስኮቱ ሙሉ ውኃ ነው፤ ግራጫ፣ ጫፉ ከሰማይ ጋር የተሰፋ። ቆማ ቀረች። ከዚያ ዞር ብላ አየችው።

“አንተ፣ ተራራህ የት አለ?”

ዳርጌ ወደ መስኮቱ ቀረብ ብሎ ግራ እንደተጋባ ሰው አንገቱን ወዲያና ወዲህ አለ። “በወዲያኛው በኩል መሆን አለበት። ተሳስቼ ነው።”

“ሠላሳ አንድ ዓመት ቀያሽ!”

“ዕድሜ ነው።”

እልፍነሽ አልጋው ላይ ተቀምጣ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እንዲህ ስትስቅ ካያት ብዙ ጊዜ ሆኖት ስለነበር፣ ተጨማሪ የሚሳሳተው ነገር ይኖር እንደሆነ ክፍሉን ቃኘ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እሷ መስኮቱ ሥር፣ እሱ በስተቀኝ ሰገነት ላይ ካፖርቱን ለብሶ መኖር ጀመሩ። የሚገናኙት ምግብ ቤት ነው። ናርዶስ ከሥራዋ ስትወጣ አንዴ እናቷ ጋ፣ አንዴ አባቷ ጋ ትመላለሳለች። አልፎ አልፎ በግራ በኩል ደሴት ብቅ ይላል፤ ያኔ እልፍነሽ መጋረጃውን ትዘጋና እስኪያልፍ ትጠብቃለች። ወደ ሰሜን ሲገፉ ፀሐይዋ መጥለቋን ተወች። ዳርጌ ሰዓቱን ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ጀምሮ ነበር የሚቆጥረው፤ ጠዋት ሲጠፋ ከየት እንደሚጀምር የሚነግረው ሰው አጣ። ነጮቹ ግን ሳይጨነቁ ይተኛሉ፣ ሳይጨነቁ ይበላሉ።

በአምስተኛው ቀን እልፍነሽ ጋቢዋን ደርባ ሰገነቱ ላይ ወጣችና አጠገቡ ተቀመጠች። መርከቡ በጠባብ የባሕር ወሽመጥ ውስጥ ይሄዳል፤ ገደሉ እጅ የሚነካው ይመስላል። ፏፏቴ ከላይ እንደ ተዘረጋ ነጠላ ይወርዳል።

“ናርዶስ ነገረችኝ” አለች።

“ምን ብላ?”

“ቀኝና ግራህን እንደምታውቅ።”

ዳርጌ ዓይኑን ከገደሉ አላነሣም። “ልጅ ምን ታውቃለች።”

እልፍነሽ ካፖርቱ ኪስ ውስጥ እጇን ከተተች፤ የሱ እጅ እዚያ ነበር። መርከቡ መታጠፊያውን ዞረና ሌላ ገደል መጣ፤ ከዚያ ሌላ።

“ጥሩ መሬት ነው” አለች በመጨረሻ።

“ድንጋይ ይበዛዋል” አለ ዳርጌ። “ለእርሻ አይሆንም።”

ጂንካ ከተመለሱ በኋላ ነገሩን የምታወራው እልፍነሽ ናት። በቤተ ክርስቲያን ሴቶች መካከል፣ በዙህራ ሱቅ፣ በወንደሰን ቤት፣ ባሏ ቀኝ ከግራ ሳይለይ ሰባት ቀን ከውኃ ጋር እንዳፋጠጣት ትናገራለች፤ ባወራች ቁጥር ትንሽ ትጨምርበታለች። ወንደሰን እንባው እስኪወርድ ይስቃል። ዳርጌ አጠገቧ ተቀምጦ ይሰማል፣ ሲጠይቁትም ምሥራቁ ጠፍቶኝ ነው፣ ቅጹን የሞላሁ ቀን ደመና ነበር ይላል።