ያልተቀመሰው ድስት

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ ብላችሁ ተቀመጡ። በሩ ላይ የቆምሽውም ግቢ፤ ቆመው የሰሙት ነገር እግር ያደክማል እንጂ ልብ አይገባም። ዛሬ የቀነኒን ነገር ልንገራችሁ። ጭሮ ውስጥ፣ ከጫት ተራው ወደ ላይ ባለው ዳገት የምትኖር፣ ድስት ልትሸጥ የተነሳች ሴት ነበረች።

ዘመኑ ሁለት ሺህ አምስት ዓመተ ምሕረት አካባቢ ነው። ቀነኒ በአንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ዘጠኝ ዓመት አብስላለች። ጭሱ ዓይኗን በላው፣ ጉልበቷም ዛለ። ታዲያ አንድ ቀን ማቲዎስ የሚባል ሰው ከአዳማ ሻንጣ ይዞ መጣ። ሻንጣው ሲከፈት አምስት ድስቶች፣ አንዱ ካንዱ የሚያበራ፣ ልጅ ከልጅ እንደሚበላለጥ ከትልቅ እስከ ትንሽ ተደርድረዋል።

«ይሄ በሱቅ አይሸጥም» አላት ማቲዎስ። «አንዲት የቤት እመቤት ጎረቤቶቿን ትጠራለች። አንቺ ፊታቸው ታበስያለሽ፣ እነሱ ይቀምሳሉ፣ ልቡ የፈቀደ ማዘዣው ላይ ስሙን ያስጽፋል። አዲሱ ድስት በካርቶን እንደታሸገ ከአዳማ ይመጣል። ሴት የቀመሰችውን ትገዛለች፣ ይኸው ነው ሥራው።»

ለሁለት ወር ሻንጣውን ተወላት። እስከ ጥቅምት መጨረሻ ሦስት ቤት ካዘዘ የጭሮ ወኪል እሷ ናት፣ ሻንጣውም ከእሷ ጋር ይቀራል። ካልሆነ ግን ሂርና ላይ አንዲት ሴት እየጠበቀችው ነው። ቀነኒም የወጥ ቤቱን ሥራ በማግስቱ ለቀቀች።

ባሏ ጂሬኛ በመሰላ መንገድ ሚኒባስ የሚነዳ፣ ነገር የማያልፈው ሰው ነው። «ድስት ለመሸጥ ድስት ትተሽ መጣሽ?» አላት።

«ያኛው የሰው ድስት ነበር። ይሄ የኔ ይሆናል» አለችው። ሳቁን ዋጠ፤ ዓይኗ ውስጥ ቀልድ አልነበረማ።

ከሻንጣው ጋር ትንሽ መመሪያ ነበረች። ቀነኒ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ እንደምታጠና አጠናቻት። በትልቁ ድስት ዶሮ ያለ ዘይት፣ ያለ ውሃ አብስዪ። ክዳኑን ቶሎ ቶሎ አትክፈቺ። ከዚያም ቀደም ብለሽ በየትኛው ጎረቤት ቤት እንዳበሰልሽ በስም ጥሪ፤ ሰው የጎረቤቱን ምስክርነት ያምናል።

እሷ ደግሞ የአገሩ ልጅ ናት። የአንዱ ሥጋ ለሌላው እንደማይሆን ጭሮ ተወልዶ የማያውቅ የለም። ስለዚህ የታረደ ዶሮ ይዛ የሰው ቤት አትገባም። በየቤቱ ዶሮው የዚያው ቤት፣ አራጁም የዚያው ቤት አባወራ እንዲሆን አደረገች። ረቡዕና ዓርብ ጾም ነውና ኦርቶዶክስ ቤት አትሄድም። ከዚህ በላይ ምን ጥንቃቄ አለ? ብላ ልቧን አሳረፈች።

የመጀመሪያው ማሳያ እሁድ ከሰዓት፣ ከጴንጤ ቤተ ክርስቲያኗ እህቶች ባንዷ ቤት ሆነ። የቤቱ አባወራ ዶሮውን አረደ፣ እህቶችም በሉ፣ አጥንቱን ሳይቀር። ማዘዣው ሲወጣ ግን «እንጸልይበት» አሉ። እስከ ዛሬም ሳይጸልዩበት አይቀሩም።

ማክሰኞ ዘይቱና ቤት ሄደች። ዘይቱና ገበያ ላይ ጨርቅ ትሸጣለች፤ አፏ ፈጣን፣ እጇም ለጋስ የሆነ ሴት ናት። ባሏ መስዑድ ቢስሚላህ ብሎ ዶሮውን አረደ። ሰባት ሴቶች ፍራሹ ላይ ተደርድረው ድስቱን ከበቡት። ክዳኑ ሲነሳ ሽታው ቤቱን ሞላው፣ አንዷም «ዘይት የለውም ትያለሽ? ኧረ አቦ ዋሽተሻል» ብላ ሳቀች። ቀነኒ ደስ አላት። መመሪያው ትዝ አላት።

«ይኸው በዚሁ ድስት እሁድ ለት እህቶቼ ቤት ዶሮ ሠርቼ አጥንቱን እንኳ አልተዉትም» አለች።

ሳቁ ቆመ። ማንም ፊቱን አላጠቆረም። «ማሻአላህ» አለች አንዷ። «ሲያምር» አለች ሌላዋ። ትሪው ሲቀርብ ግን አንዷን ጥርሷን አመማት፣ አንዷ ከቤቷ አሁን በልታ መምጣቷ ነው፣ አንዷ ልጇን ረስታ ኖሮ ተነሳች። ቀነኒ ለቤቱ እመቤት የሚሰጠውን የስጦታ ጭልፋ ለዘይቱና አስረክባ፣ ማንም ያልነካውን ዶሮ በሳህን ተሸክማ ወደ ቤቷ ወጣች።

ሐሙስ እትዬ ሳህሊቱ ቤት ሆነ። እትዬ ሳህሊቱ በሰፈሩ የተከበሩ፣ ሠርግም ለቅሶም ያለሳቸው የማይሆን ሴት ናቸው። ባላቸው አቶ አጥናፉ በስመ አብ ብለው ዶሮውን ባረኩ። ሽታው እንደገና ቤቱን ሞላ። እትዬ ሳህሊቱ ሳህን አንስተው ነበር።

«ማክሰኞ ዘይቱና ቤት በዚህ በራሱ ነው የሠራሁት። መስዑድ ያረደው ዶሮ በሃያ አምስት ደቂቃ ደረሰ» አለች ቀነኒ።

እትዬ ሳህሊቱ ሳህኑን ቀስ አድርገው መልሰው አስቀመጡ። «እኔማ ጨጓራዬን ነው ልጄ» አሉ። «ሽታው ራሱ ያጠግባል። እጅሽ ይባረክ።»

«ትንሽ ይቅመሱልኝ እንጂ፣ እትዬ።»

«ሌላ ቀን ልጄ፣ ሌላ ቀን።»

እንዲህ እያለ በአምስት ቤት፣ በስድስት ቤት ዞረች። በአንድ ቤት አራት ሴቶችን ባንድ ጊዜ ጥርስ አመማቸው። ምርቃቱ ግን አልተቋረጠም፤ በምርቃት ቢሆን ኖሮ ቀነኒ ያን ጊዜ ፎቅ ትሠራ ነበር። ዶሮውን ሁልጊዜ ጂሬኛ ይጨርሰዋል። እሱ የማን እጅ እንዳረደው አይጠይቅም።

«እኔ ወፈርኩ፣ አንቺ ከሳሽ» አላት አንድ ማታ። «ይሄ ንግድ ለኔ ነው እንዴ የተከፈተው?»

«ዝም በል ጂሬኛ።»

«አይ፣ ድስቱ ጥሩ ነው ማለቴ ነው።»

«ሁሉም ጥሩ ነው ይላል!» ሳህኑን ከፊቱ አነሳችበት። ቀነኒ በጨው አመካኘች፣ ጨው ቀነሰች። በከሰሉ አመካኘች፣ ከሰል ለወጠች። ድስቱን በአመድና በሎሚ እስኪያንጸባርቅ ፈተገችው። በንግግሯ ተጠራጥራ የጎረቤቶቹን ስም ይበልጥ አስረዝማ መጥራት ጀመረች። እዩት እንግዲህ፤ ቁስሉን በምስማር ስታክመው።

ጥቅምት ሊያልቅ ስድስት ቀን ሲቀረው አልቻለችም። ገበያ ወርዳ ዘይቱና ፊት ቆመች።

«ወንጀሌን ንገሪኝ» አለቻት።

«ምን ወንጀል አለብሽ? ተቀመጪ አቦ። ድስቱ ማሻአላህ ነው።»

«ማሻአላህ ሰለቸኝ። ጥሩ ከሆነ ለምን አላዘዝሽም?»

«ያልቀመሰውን ማን ያዛል?»

«እኮ፣ ለምን አልቀመስሽም?»

ዘይቱና የያዘችውን ጨርቅ አጠፈች፣ ፈታች፣ እንደገና አጠፈች። «ራስሽ ነገርሽን እኮ» አለች በመጨረሻ። «እሁድ እህቶችሽ ቤት ያበሰልሽበት ድስት ነው አልሽ። ዶሮውን መስዑድ አረደልሽ። ድስቱንስ ማን ያርደዋል?»

ቀነኒ ቶሎ መለሰች። «ታጥቧል። በሦስት ውሃ ነው ያጠብኩት።»

«መታጠቡን አውቃለሁ። ንጹሕ ሴት ነሽ። ግን እህቴ፣ እናቴ ለክርስቲያን እንግዳዋ ለብቻው ድስት ነበራት። እትዬ ሳህሊቱም እኛ ስንጠራ የምታበስልበት ለብቻው አላት። ማንም ማንንም አይቀየምም፣ እንተዋወቃለን። ያንቺ ግን አንዱ ድስት ሁሉ ቤት ዞረ። መዞሩንም አንቺው አወጅሽ።»

«ታዲያ ያኔ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ቤቴ መጥተሽ፣ ላብሽን ጠርገሽ፣ በድስትሽ አልበላም ልበልሽ? እንዴት ብዬ?»

ቀነኒ በዚያች ደቂቃ በማን እንደምትናደድ ጠፋት። በዘይቱና እንዳትናደድ ሴትዮዋ ያከበረቻት መስሏት ነው። በእትዬ ሳህሊቱ እንዳትናደድ የእሳቸውም ነገር ያው ነው። እሷ ደግሞ በልጅነቷ ሚሲዮን ግቢ ስላደገች፣ በአንድ ድስት ሁሉም ሲበላ ስላየች፣ ለሥጋው ስትጠነቀቅ ብረቱ ሊያስጠይቅ ይችላል ብላ አንድም ቀን አላሰበችም። ሁለት ወር ሙሉ በገዛ አፏ ሰው ከትሪው ስታባርር ኖራለች።

ለማቲዎስ ደወለች። ድስቱ ከእህቶች ቤት እስከ እነ እትዬ ሳህሊቱ ቤት እንደዞረ ነገረችው። አዲስ ድስቶች እንዲልክላት፣ ለየቤተ እምነቱ ለብቻው እንዲሆን ለመነችው።

«ድስት ድስት ነው ቀነኒ፣ እጠቢው» አላት። መልስ መስጠት ፈልጋ ነበር፤ ግን ከአንድ ሰዓት በፊት እሷም ያንኑ ብላለች። «ለማንኛውም ቅዳሜ እመጣለሁ» ብሎ ዘጋው።

ቤቷ ገብታ ሻንጣውን ከፈተች። አምስቱን አንድ በአንድ አገላበጠች። ከትልቁ በቀር የተቀሩት ጠረጴዛ ላይ ተደርድረው ከመታየት ሌላ እሳት ነክቷቸው አያውቅም። ሁለተኛውን አውጥታ ለብቻው ጠቀለለችው። ወደ ዘይቱና ተመለሰች፣ ዘይቱናም ለቅዳሜ ጎረቤቶቿን ጠራች።

ቅዳሜ ሥጋ የሚባል አልነበረም። ድንች፣ ካሮት፣ ጥቅል ጎመን፣ ጨው። ቀነኒ ገና ሳትጀምር ነገሩን አስረዳች። ሙስሊማ የሚሏት አሮጊት፣ የሰፈሩ ዳኛ ማለት ናት፣ ድስቱን ገልብጣ ቂጡን አየችው።

«ሥጋ አልነካውም?»

«አልነካውም እናቴ። ዛሬ ገና እሳት ሊያይ ነው።»

«ማይልኝ እስቲ።»

«መማል እምነቴ አይፈቅድም። አዎን ካልኩ አዎን ነው።»

ሴቶቹ ተያዩ። «እኔ አውቃታለሁ» አለች ዘይቱና። አሮጊቷም «እንግዲያስ ቃልሽ ይበቃል» ብላ ተቀመጠች። በቃሏ ስትታመን ለቀነኒ በሁለት ወር ውስጥ የመጀመሪያዋ ነበር። ድንቹ ያለ ውሃ በገዛ ወዙ በሰለ። ትሪው መሐል ተቀመጠ፣ እጆች ተዘረጉ።

በዚህ መሐል ማቲዎስ ከሚኒባስ ወርዶ፣ ቤቱን ጠያይቆ፣ አቧራውን እያራገፈ ገባ። ትሪውን አየና ፊቱ ጠቆረ። «ዶሮው የት አለ?» አለ በጆሮዋ።

«ቆይ፣ ውጭ ላስረዳህ።»

«ተይ፣ እኔ ላግዝሽ» አለና ለሴቶቹ ሳቅ ብሎ ቆመ። «እናቶቼ፣ እህቶቼ፣ ይህ ድስት ተራ ድስት አይደለም። በጭሮ ያልዞረበት ቤት የለም። በእነ እትዬ ሳህሊቱ ቤት፣ በእህቶች ቤት፣ ስንት ዶሮ የበሰለበት ነው።»

እጆቹ ከትሪው ተመለሱ። አንድ ላይ፣ እንደተማከሩ።

«ይሄኛው አይደለም» አለች ቀነኒ። «እሱ አያውቅም። የዞረው ትልቁ ነው።»

«ሁሉም ተፈትነዋል» አለ ማቲዎስ፤ የረዳት መስሎታል። «አምስቱም።»

ሙስሊማ ወደ ቀነኒ ዞረች። ቁጣ አልነበረባትም፤ ከቁጣ የከፋው ነበር። «አዎን ካልሽ አዎን ነው አላልሽም፣ ልጄ?»

ቀነኒ የተናገረችው ሁሉ ውሸት ሆኖ ቤቱ መሐል ተቀምጧል። ብትምል ምን ነበረበት? ብትምልም አሁን የሚሰማት የለም። ድንቹ እየቀዘቀዘ ነው።

ያኔ ዘይቱና እጇን ዘረጋች። አንድ ድንች አነሳች፣ እፍ አለችበት፣ በላችው። አልተጣደፈችም፣ ለታይታም አልበላችም፤ ቁጭ ብላ አኘከች። ሁለተኛም አነሳች።

«ዘይቱና፣ ደፋር ነሽ» አለቻት ሙስሊማ።

«ሰውየው ዛሬ መጣ፤ ቀነኒን እኔ አሥር ዓመት አውቃታለሁ» አለች ዘይቱና። «ድንቹ ደርሷል። ጻፊኝ፣ ቀነኒ።»

ቀነኒ ጻፈቻት። ሌሎቹ ግን አልተከተሉም። መርቀው፣ ጫማቸውን ፈልገው፣ አንድ በአንድ ወጡ። ሰው ለራሱ አፍ ይመሰክራል፤ የጎረቤቱን አፍ ግን ማንም በግድ አይከፍተውም።

ማቲዎስ ወረቀቱን አየ። «አንድ» አለ። «ሦስት ነበር የተባባልነው።»

«አንተ ባትናገር ኖሮ ሦስት ነበር።»

«እኔ ያልኩት መመሪያው ላይ ያለውን ነው።»

«መመሪያውን የጻፈው ሰው ጭሮን አያውቃትም። እንዲያስተካክለው ንገረው። ለሂርናዋም ንገራት፤ ለየቤተ እምነቱ ለብቻው ድስት ትያዝ፣ ስም ትጥራ ካሉም ድስቱ የዞረበትን ቤት አትጥራ።»

«እሺ፣ እነግራቸዋለሁ» አለ፣ ሰዓቱን እያየ። እንደማይነግራቸው ሁለቱም ያውቃሉ። ሻንጣውን አነሳና ወደ ሂርና የሚሄደውን መኪና ሊሳፈር ወረደ።

ቀነኒ ሰኞ ማለዳ ወደ አዳሪ ትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ሄደች። በቦታዋ ሌላ ሴት ቆማለች፤ ጭሱ ዓይኗን እያስለቀሳት ወጥ ታማስላለች። ቀነኒ ደህና ዋይ ብላት ተመለሰች። በመንገዱ ላይ ሁሉ ንዴቷ አልበረደም፤ ያቺን አንዲት «ለምን» ገና በመጀመሪያው ማክሰኞ ጠይቃት ቢሆን ኖሮ እያለች ዳገቱን ወጣች። ጂሬኛ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ያን ቀን ምንም አልቀለደም።

እና ልጆቼ፣ አደራ የምላችሁ ትንሽ ነገር ናት። ነገ ከነገ ወዲያ አንዲት ሴት የሥራዋን ዕቃ ተሸክማ ደጃችሁ ትመጣለች። ልትበሉላት የማትችሉበት ምክንያት ካለ፣ ጥርሴን ነው አትበሏት። እዚያው በሩ ላይ፣ ቀስ ብላችሁ፣ እውነቱን ንገሯት። ያን ጊዜ ቀነኒን አስቧት።