የቦቂት ሁዳዴ

ወለተ ሩፋኤል ላም አይበረክትላትም ተብሎ ሐይቅ ዳር ባለው በሽምብጥ ሰፈር መወራት ከጀመረ ቆይቷል። የጎረቤቶቿ ላሞች በየዓመቱ ወልደው ሲታለቡ፣ የእሷዎቹ ሁለት ሦስቴ እንደወለዱ ጡታቸው ይደነድንና ለፋሲካ ሥጋ ቤት ይገባሉ። ዳልቻ እንዲህ ሄደች፤ ቡሬም እንዲህ ሄደች። ሰፈሩ ዓይን ነው አለ። ዓይን ነው ማለት ደግሞ ቀላል ነው፤ የማን ዓይን እንደሆነ እስካልተባለ ድረስ ማንም አይቀየምም።

አሁን የቀረቻት ቦቂት ናት። ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት፣ ሆደ ሰፊ፣ ዝምተኛ ላም። ባሏ መሪጌታ ጥዑመ ልሳን ካረፉ ወዲህ ወለተ ሩፋኤል የምታወራው ከእሷ ጋር ነው። ልጅ አልወለዱም። ዘመድ እንፍራንዝ ነው ያለው፣ እሱም የሚመጣው ለቅሶ ሲኖር ነው። ጠዋት ፉርሽካውን በውኃ ስትለውስ "ዛሬ ደግሞ ምን ሆነሽ ነው ያኮረፍሽው?" ትላለች፤ ቦቂት ታመሰኳለች። ሰው ቢሰማት ታፍር ነበር፣ የሚሰማ ግን አልነበረም።

ሁዳዴ ገብቶ ጥቂት እንደቆየ ቦቂት ስትታለብ መራገጥ ጀመረች። ከአራቱ ጡቶቿ አንዱ አብጧል፤ ሲነካ እንደ ትኩሳታም ግንባር ያቃጥላል። የወጣው ወተትም የተቋጠረ እርጎ መሰለ። ወለተ ሩፋኤል ይህን አሳምራ ታውቀዋለች። የዳልቻም የቡሬም ነገር የጀመረው እንዲሁ ነበር። ነጠላዋን ጎትታ የእንስሳት ሐኪሟን ልትጠራ ወጣች።

ሐኪሟ ሰገነት ትባላለች፤ ለሥራ ከሐዋሳ የመጣች፣ ቶሎ ቶሎ የምትናገር ወጣት ናት። ጎንበስ ብላ ጡቷን ዳበሰችና "መቼ ነው የታለበችው?" አለች።

"ትናንት፣ ቅዳሴ ከወጣ በኋላ።"

"ዛሬ ጠዋትስ?"

"ጾም አይደል እንዴ ልጄ?" አለች ወለተ ሩፋኤል፣ የክርስቲያን ልጅ ይህን እንዴት አታውቅም ብላ እየተገረመች። "በሁዳዴ ቅዳሴ ሳይወጣ ወተት አልነካም። ሥርዓት ነው።"

"ላሟ ግን አትጾምም እኮ፣ እማማ።"

ሰገነት የታመመውን ጡት አልባ ባዶ ካደረገችው በኋላ መድኃኒት ጨመረችበት። ጠዋት መታለብ የለመደች ላም እስከ ከሰዓት ካልታለበች ወተቱ ጡቷ ውስጥ ተጠራቅሞ ያማታል፣ በሽታም ያገኛታል አለች። ጠዋትና ማታ በሰዓቷ ትታለብ፤ እጅም ጡትም ይታጠብ፤ መኝታዋ ይድረቅ። "ላም በሦስት ወሊድ አታረጅም። በደንብ ከተያዘች ገና ብዙ ትወልዳለች። ጠዋት ካልታለበች ግን የኔ መድኃኒት ብቻውን ምንም አያደርግላትም። የበፊቶቹ ላሞች የታመሙት መቼ መቼ ነበር?"

ወለተ ሩፋኤል በልቧ ቆጠረች። ዳልቻ በሁዳዴ ነበር። ቡሬም በሁዳዴ።

ያም ሆኖ በማግሥቱ ጠዋት አላለበችም። ጎረቤቶቿ በጾም ጠዋት ጠዋት እንደሚያልቡ ታውቃለች፤ እነሱ ግን የመሪጌታ ሚስት አይደሉም። መሪጌታ ያቆዩላት ነገር ጥቂት ነው፤ አንድ መቋሚያ፣ አንድ የተጠገነ ጥምጥም፣ እና ይህ ሥርዓት። በሁዳዴ ጠዋት እጇን ከወተት ስትሰበስብ እሳቸው ከጓዳ የሚያይዋት ይመስላታል። ይህን እንዴት ትተወው? ቦቂት ግን ቀኑን ሙሉ የኋላ እግሮቿን አራርቃ ቆመች፤ ሣሩንም ጠላችው።

ወሬው ደላላው ዳኘው ዘንድ ደረሰ። በዓመት አንዴ ሳያጓድል የሚጠይቃት ሰው ቢኖር ዳኘው ነው፤ የሚመጣው ግን ላም ሊነዳ ነው። ቦቂትን ዞር ዞር ብሎ አየና ጎኗን መታ መታ አደረገ።

"ሥጋዋ ሳይጎድል መሸጡ ይሻላል፣ እትዬ። ለፋሲካ አደርስልሻለሁ።"

"እስቲ ሰንብተህ ተመለስ" አለችው።

በዚያው ቀን ከቅዳሴ በኋላ ሴቶቹ ሲበተኑ እሷ ቀረች። የነፍስ አባቷ አባ ገብረ መስቀል ከወይራው ሥር ተቀምጠዋል። ከመሪጌታ ጋር አብረው ቆሎ የለመኑ፣ አብረው የተማሩ አዛውንት ናቸው። መስቀል ተሳልማ ነገሩን ነገረቻቸው።

"ቅዳሴ ሳይወጣ ወተት አይነካም?" አሉ አባ። "ማን ነው ያለሽ?"

"መሪጌታ ናቸዋ! ሥርዓት ነው ብለውኝ፤ ካገባሁ ጀምሮ ይኸው ጠብቄ ኖርሁ።"

የአባ ገብረ መስቀል ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ወለተ ሩፋኤል ያለቀሱ መስሏት ደነገጠች፤ እሳቸው ግን እየሳቁ ነበር።

"ጥዑመ ልሳን ወተት ሲሸተው ልቡ ይጠፋ ነበር፣ ልጄ። ተማሪ ሳለን አንድ ሁዳዴ ጾመ ድጓ እያዜመ ከጎረቤት ትኩስ ወተት ቢሸተው ቃሉ ጠፋበትና መምህራችን በመቋሚያ ጎሸሙት። ካገባችሁ በኋላ ደግሞ፣ 'ጠዋት ስታልብ ጾሙ አልገፋ አለኝ፤ ሥርዓት ነው ብዬ አስተውኋት' አለኝ። እኔ ቀልድ መስሎኝ አለፍሁት። እስካሁን ይዘሽዋል ብዬ መች አሰብሁ!"

"ታዲያ… ባልብስ?"

"እለቢ እንጂ! ያልተከለከለውን ምን ብዬ ልፍቀድልሽ?"

ወለተ ሩፋኤልም ሳቀች። እዚያው ወይራው ሥር፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ፣ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ወደ ቤቷ ስትመለስ በሐይቁ ዳር በደንገሉ አጠገብ አለፈች፤ ሳቁም መንገድ ላይ ጥሏት ሄደ።

በማግሥቱ ገና ሲነጋ እጇን ታጥባ ከቦቂት ሥር ተቀመጠች። የታመመውን ጡት ቀስ ብላ፣ እያባበለች አለበች። የመጀመሪያው ቀን ቦቂት ተራገጠች። እያደር እብጠቱ ጎደለ፣ ወተቱ ጠራ፣ ላሟም ግርግሟ ላይ አጎነበሰች። ሰገነት መጥታ አየቻትና "ገና ብዙ ጥጃ ታሳይዎታለች" አለች። ቀዳም ስዑር ላይ ዳኘው ገመዱን ይዞ ብቅ ሲል ወለተ ሩፋኤል ከበር ሳታሳልፈው መለሰችው።

የፋሲካ ጠዋት ሰፈሩ በሰው ድምፅ ተሞላ። ከየቤቱ ሳቅ ይሰማል፤ ልጆች በአጥሩ ሥር ይሯሯጣሉ። ወለተ ሩፋኤል ቦቂትን አልባ ስትጨርስ አልተነሣችም። ወተቱ ጭኖቿ መካከል በያዘችው ዕቃ ውስጥ ይተናል። ዳልቻ ትዝ አለቻት፤ ከዚያ ቡሬ፤ ሁለቱም ዛሬ እዚህ በቆሙ ነበር። ንዴቱ ከየት እንደመጣ ሳታውቀው ጮኸች።

"መሪጌታ! ወተት ያምረኛል ማለት ምን ያሳፍራል? ቢነግሩኝ ምን ነበረበት? ዞር ብዬ አልብ አልነበር?" ትንፋሽ ወሰደች። "እስቅብዎታለሁ ብለው ነው? እስቅ ነበር፣ አዎ! አብረን ነበር የምንስቀው!"

ቦቂት ጆሮዋን አነቃነቀችና ማመስኳቷን ቀጠለች። ወለተ ሩፋኤል ጠበቀች፤ ምን እንደምትጠብቅ አላወቀችውም። በትዳር ዘመናቸው ሁሉ ሲጣሉ እሷ ፊቷን ታዞራለች፣ እሳቸው ጉሮሯቸውን እየጠረጉ ይዞሯታል፤ ራት ሳይቀርብ ይታረቃሉ። አሁንም ፊቷን አዞረች። መሪጌታ ካረፉ ጀምሮ አልቅሳላቸዋለች፣ ሙት ዓመታቸውን አውጥታለች፣ በየወሩ ስማቸውን አስጠርታለች። የምታኮርፈው ሰው እንደሌላት ግን የገባት ገና ዛሬ ነው።