ነክቶ ማለፍ

ሦስተኛው ጉርሻ ደረቷ ላይ ቆመ። ጁራይዳ ሳህኑን አስቀመጠችና በጓሮ በር ወጣች። ሁለት እጆቿን ወደ ላይ ዘርግታ፣ ጀርባዋን ለጥጣ፣ ከወንዙ ውሃ በላይ በተዘረጋው የሳንቃ መተላለፊያ ላይ ትመላለስ ጀመር። እስከ ጎረቤት ደጅ ሄዳ ተመለሰች። አልወረደም። ደግማ ሄደች።

የሟች ባሏ እህት ሮስና ለብ ያለ ውሃ ይዛ ተከተለቻት።

"ጠጪ። ደግሞ እጅሽን አውርጂ፤ ጎረቤት ፖሊስ የያዘሽ ይመስለዋል።"

ጁራይዳ ሳቋ መጣ። ውሃውን ተጎነጨች፤ ውሃውም ከሩዙ በላይ ቆመ። ወዲያው ጎንበስ ብላ ሁሉንም ወደ ካፑዋስ ወንዝ መለሰችው። ሩዙ ሆዷ ጋ ሳይደርስ፣ እንደጎረሰችው ነበር የወጣው።

"እንግዶቹ ሳይመጡ ትንሽ ልለማመድ ብዬ ነው" አለች አፏን እየጠረገች።

"መብላት ልምምድ ሲፈልግ ያየሁት ባንቺ ነው።"

ነገሩ ከጀመራት ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። መጀመሪያ ሥጋ እምቢ አላት፣ ቀጥሎ ሩዝ፣ በመጨረሻ ውሃም አመፀ። ሌሊት ጋደም ካለች የማታው ምግብ ወደ አፏ ስለሚመለስ በሦስት ትራስ ተደግፋ ነው የምታድረው። አሥራ አራት ኪሎ ቀንሳለች። ጀልባ ማቋረጫው ጋ የእሬት መጠጥ ትሸጣለች፤ እሬት መራራ ነው የሚል ሰው የፖንቲያናክን ከተማ አያውቅም፣ እዚህ ልጣጩ ተገፎ በስኳር ይፈላና በበረዶ ይጠጣል። ደንበኞቿ "መጠጥሽን ከጠጣን እንዳንቺ እንከሳለን እንዴ?" እያሉ ይቀልዱባታል። ዘወር ሲሉ ደግሞ የስኳር በሽታ ነው ይላሉ፣ ድግምት ነው ይላሉ። ሰው መቼም ዝም ከሚል ቢሞት ይመርጣል።

ሐኪሙ ነጭ ፈሳሽ አስጠጥቶ ራጅ አነሳት። የምግብ ቧንቧዋ ከላይ እንደ ቅል ተነፍቶ፣ ከታች እንደ ክር ቀጥኗል። "የታችኛው በር መከፈት ረስቷል። ከመቶ ሺህ ሰው አንድ ቢይዝ ነው" አላት። ሮስና ይህን ስትሰማ፣ "እቁብ እንኳ ቀድሞ ወጥቶልሽ አያውቅም፤ ይሄ ወጣልሽ!" ብላ ሳቀች፤ ከዚያ ማድ ቤት ገብታ አለቀሰች።

ከሮስና በቀር የሚያውቅ የለም። ልጇ ሪስካ እንኳ ጨጓራ ነው ብላ ታምናለች። ሪስካ ታጭታለች፤ ዛሬ የሙሽራው ቤተሰቦች የሠርጉን ቀን ሊቆርጡ ይመጣሉ። ጁራይዳ ደግሞ "እናቷ ስሙ የማይታወቅ በሽታ አለባት፤ ነገ በልጅ ልጆቻችን ሊወጣ ነው" መባልን ከረሃብ ይልቅ ፈርታ ነበር።

እስካሁን የሸሸጋት የአገሩ ወግ ነው። በዚያ አገር የቀረበለትን ምግብ ሳይቀምስ የተነሳ ሰው መንገድ ላይ ክፉ ያገኘዋል፤ ወይ እባብ ይነድፈዋል፣ ወይ ጀልባው ይገለበጣል። የቸኮለ ወይም የጠገበ ግን ምግቡን በጣቱ ጫፍ ነክቶ ወደ ከንፈሩ ያስጠጋል፤ በዚህ ክፉውም ይርቃል፣ ባለቤቱም አይቀየምም። ጁራይዳ ሁለት ዓመት ያህል ነክታ አለፈች። የጥፋቷ ጥፋት በልጇ የወደፊት አማት ቤትም ሦስት ጊዜ ሄዳ ሦስቱንም ጊዜ መንካቷ ነው። አንድ ጊዜ መቸኮል ነው፤ ሦስት ጊዜ ግን ሌላ ነገር ነው።

"ማክ ሳኦና ምን እንዳለች ሰምተሻል?" አለች ሮስና። ማክ ሳኦና የሙሽራው እናት ናት፤ 'ማክ' በዚያ አገር የእናቶች የአክብሮት መጠሪያ ነው። "'ሩዛችን ውስጥ ምን አለ ብላ ነው? መርዝ? እኔን የፈራች ሴት ልጇን ለምን ትሰጠኛለች? ዛሬ ከኔ ጋር በአንድ የገበታ ጨርቅ ትቀመጥ፣ አብረን እንብላና ይለይልን' ብላለች።"

"ሰምቻለሁ።"

"የጃካርታው የሆስፒታል ቀጠሮስ? የሠርጉ ቀን የሚሉት እኮ ያው ያንቺ የኦፕራሲዮን ሳምንት ነው።"

"ሆስፒታሉ ይቆያል።"

"አንቺስ ትቆያለሽ?"

ሪስካ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ ከበሩ ብቅ አለች።

"እማ፣ መጡ! እባክሽ ዛሬ ብቻ ብይ። አንድ ጉርሻ። ለኔ ስትይ።"

ወንዶቹ በፊት ለፊቱ አዳራሽ፣ ሴቶቹ በውስጠኛው ክፍል ተቀመጡ። ወለሉ ላይ ረጅም ነጭ ጨርቅ ተነጠፈ፤ ለየስድስት ሰው አንድ አንድ ማዕድ ቀረበ፤ ቢጫ ሩዝ፣ የበሬ ሥጋ፣ በቅመም የበሰለ አናናስ። በእንዲህ ያለው ገበታ ታላቅየው በልቶ ጨርሶ እጁን ሳይታጠብ ማንም አይነሳም፤ የተነሳ ሰው ገበታውን ረገጠ ይባላል። ከጁራይዳ ጋር ከተቀመጡት ታላቋ ማክ ሳኦና ነበረች። ሰፊ ሴት ናት፤ ዓይኗ ግን ጠባብ ነው፣ ምንም አያልፈውም።

ጁራይዳ የለመደች እጇ ቀደመቻት። ሩዙን በጣቷ ጫፍ ነካች፣ ወደ ከንፈሯ አስጠጋች።

"በገዛ ቤትሽም?" አለች ማክ ሳኦና። "እኔ ጋ መርዝ አለ እንበል። እዚህስ ማን መርዞሽ ነው?"

ማዕዱን የከበቡት ሴቶች ማኘክ አቆሙ። ማክ ሳኦና ትልቅ የሥጋ ቁራጭ አንስታ ጁራይዳ ሳህን ላይ አኖረች።

"ብይ። ዛሬ መንካት የለም።"

ሪስካ የውሃ ማንቆርቆሪያ ይዛ በር ላይ ቆማለች። ጁራይዳ ልጇን አየቻት፣ ሥጋውን ቆርሳ ጎረሰች፣ አላመጠችው፣ ዋጠችው። ሴቶቹ ፈገግ አሉ። ሥጋው ወረደ፣ ወረደና ደረቷ መሀል ላይ ቆመ።

ደረቷን በጡጫ እንደያዟት ተሰማት። ምራቋም መውረጃ አጣ። ቁጭ ብላ ከቆየች ገበታው ላይ ልትመልሰው ነው፤ ከተነሳች ገበታ ልትረግጥ ነው። ፈራች፣ ከፍርሃቷም አልፋ ተናደደች፤ በራሷ፣ በጉሮሮዋ፣ በዚያ ሁሉ መሸሸግ።

ተነሳች።

"ጁራይዳ!" አለች አንዲት አክስት በድንጋጤ።

ሁለት እጆቿን ወደ ላይ ዘረጋችና ክፍሉን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ትመላለስበት ጀመር። ሮስና ሮጣ ለብ ያለ ውሃ አቀበለቻት። ተጎነጨች፣ ጀርባዋን ለጠጠች፣ ደግማ ተመላለሰች። ሴቶቹ በዓይናቸው ይከተሏታል። በአራተኛው ዙር ውስጧ የሆነ ነገር ፈታ አለ፤ ሥጋው ሲያልፍ ተሰማት።

"መርዝ ፈርቼ አይደለም" አለች እያለከለከች። "አይወርድልኝም። ሁለት ዓመቴ ነው። የጉሮሮዬ በር አይከፈትም። ሩዝዎን ንቄ አይደለም፣ ማክ። ርቦኝ ነበር የምነካው።"

ሪስካ ማንቆርቆሪያውን ወለሉ ላይ አስቀመጠች። "ጨጓራ ነው አላልሽኝም፣ እማ?"

"ዋሸሁሽ።"

ማክ ሳኦና ጉርሻዋን ወደ ሳህኑ መለሰች። "ይተላለፋል?"

"ሐኪሙ አይተላለፍም፣ በዘርም የሚመጣ አይመስለኝም ብሏል። ወረቀቱ አለ፣ ካላመኑኝ ያንብቡት።"

"እኔ መቼ ማንበብ እችላለሁ!"

ከአዳራሹ በኩል የማክ ሳኦና ወንድም ድምፅ መጣ፤ "ሴቶች! እኛ ጨርሰናል፤ በሚቀጥለው ወር ሁለተኛው እሑድ ብለናል። ተስማምታችኋል?"

ሁሉም ወደ ማክ ሳኦና ዞሩ። ከሷ በፊት ግን ጁራይዳ አፏን ከፈተች።

"አይሆንም!" አለች፣ ወንዶቹ እንዲሰሙ ጮክ ብላ። "በዚያ ሳምንት ጃካርታ ሄጄ ጉሮሮዬን ልታከም ነው። ሌላ ቀን ፈልጉ።"

ከአዳራሹ የወንዶቹ ማጉረምረም ተሰማ። አንዲት ልጅ ገበታው ያበቃ መስሏት የእጅ መታጠቢያውን ሳህን ለማክ ሳኦና አቀረበች። ማክ ሳኦና ሳህኑን በክርኗ ገፋ አደረገችው፤ እጇ እስከ ጣቶቿ መገጣጠሚያ ድረስ ሩዝ ነው።

"ወዲያ ውሰጂው። ገና እየበላን ነው፤ ቀኑም ይቆያል" አለች፣ ከዚያ ወደ ጁራይዳ ቀና ብላ፣ "እስኪወርድልሽ ተመላለሺ። እኔ እጄን ሳልታጠብ እጠብቅሻለሁ።"

ጁራይዳ ቦታዋ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች። ከሥጋው ትንሽ ቆረሰች፤ ውሃውን አጠገቧ አድርጋ ሁለተኛውን ጎረሰች።